ፈረሱ አልደነበረም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እንግዲያው ከሥሩ ልጀምር። ወንድሜን ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሰብሰብ ብሎ "ሹፌሩ ጠጥቶ ሰው ገደለ" የሚል ወሬ ሲያነሣ ሹፌሩን እየተቀባበሉ ይረግሙታል፤ እኔ ጥጌን ይዤ ዝም እላለሁ። የቀዳለትን ሰው ሲረግሙ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እኔ ራሴን በደንብ አድርጌ ስለረገምኩ የማንም እርዳታ አያስፈልገኝም።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሰላ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ባሌ ወደ ሰሜን ዘምቶ ደብዳቤው ከተቋረጠ ወራት አልፏል፤ የመጀመሪያ ልጃችንን የወለድኩትም እሱ በሌለበት ነው። ሴት ስለሆነች በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በዚያ ቀን በባሌ ፈንታ በጉን ያረደው፣ ድንኳኑን ያስተከለው፣ እንግዳ የተቀበለው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድምጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። የሚነዳው ኤንትሬ ነው፣ ያ እህል የሚያመላልሰው ትልቅ የጭነት መኪና። ያን ቀንም ከሰዓት በቆጂ ሄዶ ገብስ መጫን ነበረበት። መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ ነው ጠዋት አብሮን ቤተ ክርስቲያን የሄደው።

ጠጪ አልነበረም። ይህን የምለው ልሸፋፍንለት አይደለም፤ የመሸፋፈኑን ሥራ ያኔ ጨርሼዋለሁ። መሪ በሚይዝበት ቀን አረቄ አፉ አያደርስም ነበር። እሱም ያውቃል፣ እናታችንም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የእኔ ነውር ይኸው ነው፣ እያወቅኩ ነው።

ምሳ ተበልቶ እንግዳው ሞቅ ሲለው እሱ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ታቅፎ ተቀምጧል። አንዲት ጎረቤቴ ጎኔን ጎሸም አድርጋ፣ የልጅቷ አጎት ሳይቀምስ ምርቃቱ እንዴት ይያዛል አለችኝ። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ በቃኝ ሲል እሺ ብሎ መተው ንፍገት ነው። አጥብቆ ያልለመነ ሰው ደገሰ አይባልም። ዳግም የወጣውን የገብስ አረቄ ይዤ ሄድኩና ፊቱ ተገተርኩ። "ተይኝ፣ መሪ እይዛለሁ" አለኝ።

"አፈር ስሆን" አልኩት። "አንድ መለኪያ ብቻ።"

እንቢ አለ። በአባት ቦታ የቆመ ሰው ለልጄ ይህችን ከነፈገ ቅር እንደሚለኝ ነገርኩት። ባሌ ቢኖር ኖሮ ማንንም አልለማመጥም ነበር ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። እንባው የእውነት ነበር፤ ግን እሱን ለማሸነፍ ተጠቀምኩበት። ጠጣ። አንድ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን ደገምኩ። ሦስተኛው የሥላሴ ሆነ። ከእኔ እጅ ከጠጣ በኋላ ከሌላው እጅ እንዴት አድርጎ እንቢ ይላል? ተቀባበሉት። የበቆጂን ብርድ ያለ አረቄ ማን ይችለዋል እያሉ የሚቀልዱት ሹፌሮች ራሳቸው ናቸው። ሊሄድ ሲነሣ እኔም ኮቱን እያስተካከልኩለት፣ ይኸው አሁን ብርዱን ትችለዋለህ አልኩት። እየሳቀ ነው የወጣው። ወደ መኪናው ሲወጣ እግሩ መርገጫውን አንዴ ስቶ እንደገና ሲረግጥ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቀው ከእሱና ከሟች ሚስት አፍ ነው። ሳጉሬን አልፎ ቁልቁለቱን ሲይዝ ሰዓቱ ገና ስምንት ተኩል ግድም ነበር። የገበያ ቀን ነው፤ ሰው እየተመለሰ ነው። ቀኑ ብራ ነበር፣ ጭጋግ የለ፣ ዝናብ የለ። አንድ ሰው ፈረሱ ላይ ተቀምጦ የመንገዱን ጥግ ይዞ ይሄዳል፤ ሚስቱ አህያ እየነዳች ራቅ ብላ ትከተለዋለች። መኪናው መንገዱን ለቆ ወደ ጥጉ ሄደ። ሚስቲቱ ስትጮህ ሰውየው ዞር እንኳ ለማለት ጊዜ አላገኘም። ሮጣ እስክትደርስ ነፍሱ ወጥታለች። ፈረሱ እግሩ ተሰብሮ ቦዩ ውስጥ ያቃስት ነበር፤ ማታ ሰው መጥቶ ገላገለው።

ወንድሜ ከመኪናው ዘሎ ወርዶ በገብሱ ማሳ መሃል ለመሃል ሮጠ። ሰው የገጨ ሹፌር ሕዝብ እንዳይገድለው ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ የሚገባበት አገር ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ሲሮጥ፣ ሲደበቅ፣ ሲሮጥ ጣቢያ የደረሰው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ድንጋጤው ስካሩን አብርዶለታል። ትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ የሚባል ነገር ያኔ የት አለና! ፖሊሱ ምን ሆነህ ነው ሲለው፣ ፈረሱ ደንብሮ መኪናዬ ውስጥ ገባ አለው። ፖሊሱም እንዳለው ጻፈ።

በማግሥቱ ሁለት ፖሊሶች ቤቴ መጡ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ወንድምሽ ትናንት ጠጥቶ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። "ኧረ እሱ ጨጓራውን ያመዋል፣ መጠጥ አይነካም" አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቅም፣ ልክ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ የቆየ ይመስል ነበር። ጎረቤቶቼን ተራ በተራ ሲጠይቋቸው የእኔን ቃል ሰምተው ኖሮ ሁሉም ጨጓራ አሉ። ያን ቀን አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ተረባርቦ ጤነኛ ወንድሜን የጨጓራ በሽተኛ አደረገው። እናቴ ብቻ ማድ ቤት ነበርኩ፣ ያየሁት የለም ብላ ራሷን አወጣች። ፖሊሶቹ ሲሄዱ ሰው ሁሉ ጎሽ አለኝ፤ እህት ማለት እንዲህ ናት ተባልኩ። ደስ አለኝ። ምን ዋጋ አለው፣ ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ያ ውሸት ሌላ ቤት ገብቶ ምን እንዳደረገ የሰማሁት ቆይቶ ነው። ሟቹ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር። ሰው ውርንጭላውን የሚያሠለጥነው እሱ ጋ እየወሰደ ነበር። አሁን ግን በየገበያው ፈረሱ ደንብሮበት ሞተ፣ መያዝ አቅቶት ነው ተባለ። በአርሲ አገር ይህ ስድብ ነው፤ ያውም የሞተ ሰው መልስ የማይሰጥበት ስድብ። የአባቱን ውስጥ ከልጃቸው ሞት ባላነሰ ይህ ነገር በላው።

ወንድሜ በዋስ ወጥቶ እናታችን ቤት ተቀመጠ። እንቅልፍ አጣ። መንገድ ላይ መኪና ሲያልፍ ሳህን ከእጁ ይወድቅ ነበር። ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ ሽማግሌ ሰው ዘንድ ሄጄ ነገሩን አማከርኳቸው፤ ስም ሳልጠራ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ። እሳቸውም የኋላ ኋላ እንደነገሩኝ የማን ጉዳይ እንደሆነ ወዲያው ነው የገባቸው። ፈረሱ ደንብሮ ከሆነ ድንገተኛ አደጋ ነው፣ በቀላሉ ይወጣል አሉኝ። ጠጥቶ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ሰው በገዛ ፈቃዱ ከሰከረ ስካሩ ቅጣት ማቅለያ አይሆነውም፣ ማክበጃ እንጂ። ዓመታት ይታሰራል፣ መንጃ ፈቃዱም ይሰረዛል። ስለዚህ የወንድሜ ዕድሜ በአንድ ቃል ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው፤ ጠጥቶ ነበር በሚለው ላይ።

ፍርድ ቤቱ እየቀጠረ ሳለ የሽምግልናው ነገር መጣ። በአርሲ ምድር ሰው ሲሞት የመንግሥት ፍርድ አንድ ነገር ነው፣ ጉማ ሌላ ነገር ነው። ጉማ ደም የሚደርቅበት ሥርዓት ነው። የገዳይ ወገን በከብት ይክሳል፣ ይታረቃል፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ቤተሰብ ዘመድ ነው፣ በሐዘንም በደስታም አይለያይም። እኛ ክርስቲያን ነን፣ እነሱ እስላም፤ አያቶቻችን ከሸዋ የመጡ ናቸው፣ እነሱ የአገሩ ተወላጆች። ለጉማ ይህ ሁሉ ልዩነት አይደለም። እናቴ ጊደሮቿን ነዳች፤ ወንድሜ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ዛፉ ሥር ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ። እኔም ከእናቴ አጠገብ ነበርኩ። ኦሮምኛ ከአማርኛ እኩል ነው ያደግኩበት፣ ያመለጠኝ ቃል የለም።

የሟች አባት ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሽማግሌ ነበሩ። ከብቶቹን ዞረው አላዩአቸውም። ልጄ እንዴት እንደሞተ ንገረኝ ብቻ አሉት። ወንድሜ እንደለመደው ፈረሱ ብሎ ሲጀምር አላስጨረሱትም፣ ዱላቸውን አንሥተው ልብሳቸውን እያራገፉ ተነሡ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ካባቸውን ይዘው ለመኗቸው። ሐሰት ያለበት ጉማ ደም አያደርቅም፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ አሉ እሳቸው። ለወራት አንድም ቃል ያልተነፈሰችው እናቴ ያን ጊዜ ተናገረች። እንድትዋሽ አይደለም የወለድኩህ፣ ንገራቸው አለችው።

ወንድሜ ድንጋዩን ከትከሻው አወረደ። "ጠጥቼ ነበር" አለ። "ፈረሱ አልደነበረም። ጥጉን ይዞ ነበር፤ እኔ ነኝ የሄድኩበት። ልጅዎትን ያየሁት ከመታሁት በኋላ ነው።"

ሽማግሌው ካባቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ነገሩ ተበላሸ ብዬ የእናቴን እጅ ያዝኩ። ከዚያ ፊታቸውን ገልጠው ተቀመጡና ይቅር ብያለሁ አሉ። ከመጡት ከብቶች ግማሹን መለሱ። ሥርዓቱ ተፈጸመ፣ ነገሩ ተቀበረ ተባለ። የተቀበረ ነገር ደግሞ በማንም ፊት አይነሣም፤ የተበደለው ወገን እንኳ ያንን ደግሞ ቢያወራ የማለበትን አፈረሰ ይባላል።

ሽማግሌዎቹ በዚህ አላበቁም፤ መታረቃችንን ለፍርድ ቤቱ እንጽፋለን አሉ። የሚጽፍ ሰው ሲፈለግ ታይፒስቷ አለች ተባለ። ያልነውን ሁሉ ጻፊ አሉኝ፤ መጠጣቱን፣ ማመኑን፣ ይቅር ማለታችንን። የሟች ሚስት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። የባሌ ፈረስ እንዳልደነበረ ይጻፍልኝ አለች፣ ልጆቼ ፊደል ሲቆጥሩ ያነቡታል። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ሴት ነበረች። እሺ አልኳት፣ ዓይኗን እያየሁ።

በማግሥቱ ሰው ለምሳ ሲወጣ ካርቦኑን አስገብቼ ታይፑ ላይ ተቀመጥኩ። ለክቡር ፍርድ ቤቱ ብዬ ጀመርኩ። "ጠጥቶ" የሚለው ጋ ስደርስ ጣቴ ቆመ። እኒያ የማመልከቻ ጸሐፊ ያሉኝ ጆሮዬ ላይ ነው። ይህን ቃል በገዛ እጄ ጽፌ ወንድሜን ወህኒ ልስደደው? ሽማግሌዎቹ አማርኛ አያነቡ፣ ማን ያውቃል አልኩ። ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ አስገባሁ። በደረሰው ድንገተኛ አደጋ ልጃችን ሕይወቱ ስላለፈ፣ በባህላችን መሠረት ስለታረቅን፣ ፍርድ ቤቱ አስተያየት እንዲያደርግልን ብዬ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር ዘጋሁት። መጠጥ የለ፣ ፈረስ የለ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው፤ አንዴ ጨጓራ ካልኩ በኋላ ወደ ኋላ የሚመልሰኝ አልነበረም።

ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ። ያልነው ሁሉ አለበት? አሉኝ ሽማግሌው። አዎ አልኩ። እያንዳንዳቸው አውራ ጣታቸውን ሐምራዊው ቀለም ላይ እያደረጉ ፈረሙ። ሚስቲቱም ፈረመች፣ ጣቷን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሽማግሌ የፈረመበትን እኔ ምን ብዬ አነባለሁ ብሎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቱ ይዞ ዝም እንዲልልኝ ነበር ምኞቴ።

የቀጠሮው ቀን ሽማግሌው አሥር ሰው አስከትለው መጡ። ከበቆጂ መንገድ በፈረስ ሲጓዙ አድረው ነው የደረሱት፤ ጭላሎ ላይ ያደረው ብርድ ከካባቸው ገና አልለቀቀም። የፍርድ ቤቱን አግዳሚ ሞሉት። ወንድሜ የተከሳሽ ቦታ ቆሟል። ዳኛው ወረቀቱን ለራሳቸው አነበቡና ለአስተርጓሚው ሰጡት፤ የሟች አባት ያሉት ይህ መሆኑን ያረጋግጡ አሉ። ይህን እንዴት ሳላስበው ቀረሁ? መሥሪያ ቤት የምውል ሰው ነኝ፣ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ እንዳለ አውቃለሁ። ፍርሃት ሰውን ደደብ ያደርጋል መሰለኝ።

አስተርጓሚው መስመር በመስመር በኦሮምኛ አነበበላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። ሲጨርስ ቀና ብለው ሌላ የለም? አሉት። ይኸው ነው አላቸው። ዞረው አዳራሹ ውስጥ እኔን ፈለጉ፣ አገኙኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ዳኛው ዞረው፣ ወረቀቱ ላይ የጎደለ እንዳለ፣ የጎደለውን ግን እሳቸው እንደማይናገሩት፣ ይቅር ብለው የቀበሩት ነገር መሆኑን አስረዱ። ያስቀረችው ትንገርህ አሉና ተቀመጡ። ዳኛው ሌላ የሚሉት እንዳላቸው ጠየቋቸው። የለኝም አሉ።

ተጠራሁ። ማልኩ። ዳኛው በሐሰት የመሰከረ እንደሚታሰር አስጠነቀቁኝ። እናቴን አየኋት፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ወንድሜን አየሁት፣ እሱ ወለሉን ነው የሚያየው። የሟች ሚስት ግን አፌን ነበር የምታየው። ተናገርኩት፣ ሁሉንም። መጠጣቱን፣ ፈረሱ አለመደንበሩን፣ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና መጻፌን። የጨጓራ በሽታውስ? አሉ ዳኛው። እሱም የለም አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

"ማነው ያጠጣው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና ጻፈው።

ፍርዱ ከሳምንታት በኋላ ተነበበ። ዕርቅ መኖሩ ቅጣት ሊያቀል ይችል ነበር ተባለ፤ ግን ወረቀቱ ፍርድ ቤቱን ለማታለል የተዘጋጀ ሆኖ ስለተገኘ አይያዝለትም። እስከዚያ ድረስ መካዱም ተቆጠረበት። ሰባት ዓመት ተፈረደበት፣ መንጃ ፈቃዱ ተሰረዘ። እኔን አቃቤ ሕጉ ሊከሰኝ ፈልጎ ነበር፤ ጡት የማጠባ መሆኔ ታይቶ በማስጠንቀቂያ ተለቀቅኩ። በማጠጣቴ ግን ማንም አልጠየቀኝም። አረቄ አፍልቶ፣ ለምኖ፣ አልቅሶ ሹፌር ማጠጣት ወንጀል አይደለም ማለት ነው።

ከፍርድ ቤት ስወጣ ግን የተናደድኩት በራሴ አልነበረም፣ በሽማግሌው ነበር። ይቅር ብያለሁ ያለ ሰው ሌላ የሚሉት አለ ወይ ሲባል የለኝም ይላል? ያ ሁሉ ሽማግሌ አግዳሚ ሞልቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይመለሳል? ይቅርታቸው ከአንገት በላይ ነው አልኩ። ለሰማኝ ሁሉ እንደዚያ ብዬ አወራሁ፣ ለእናቴም ጭምር።

በየሳምንቱ ስንቅ ይዤ ወህኒ ቤት እሄድ ነበር። ወንድሜ አልወቀሰኝም። አንድ ቀን ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር፣ አፌን ፈልቅቀሽ አልጋትሽኝም፣ አፉ የእኔ ነው አለኝና ስለ ልጄ ጠየቀኝ። መንዳት ይናፍቀው እንደሆነ ስጠይቀው ሕልሜ ውስጥ ሁልጊዜ ያን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ፈረሱ ጋ ሳልደርስ እነቃለሁ አለ። ከስቶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ተስቦ ገባባቸው። በዚያ ሰሞን ስሄድ ስንቁን ከበር ተቀብለው መለሱኝ፣ ታሟል አሉ። በሚቀጥለው ስሄድ ሬሳ ውሰዱ አሉኝ። ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነበር።

በቀብሩ ማግሥት ሽማግሌው መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። ሦስት ሰው አስከትለው፣ ፈረሳቸውን ከአጥሩ አስረው፣ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው አባታችን ቢኖር ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ተቀመጡ። አባታችን የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው። የሰፈሩ ሰው ማን ናቸው እያለ ይንሾካሾካል። ጉማ ዘመድ ያደርጋል ሲባል እውነቱን ነው፤ እሳቸው እንደ ልጃቸው ሊቀመጡለት ነው የመጡት። ከእናቴ ጋር ብዙም አልተነጋገሩም። እኔ ውስጤ ነደደ። አሁን ምን ያደርጋል አልኩ፣ ሲያስፈልጉን የት ነበሩ?

በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም። ሊሄዱ ሲነሡ ተከትያቸው ወጣሁና ፈረሱ አጠገብ አቆምኳቸው። በኦሮምኛ ነው የተናገርኩት፣ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። ይቅር ብለውት ኖሮ ያን ቀን አንድ ቃል ቢተነፍሱለት ምን ነበረበት አልኳቸው። ዳኛው እኮ ጠይቀውዎት ነበር።

ልጓሙን እንደያዙ ቆሙ። "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፣ ልጄ ማለት ነው። "ያን ቀን አሥራ አንድ ሆነን የመጣነው ልንለምንለት ነው። 'የእኛ ልጅ ሞቷል፤ ይኸኛው አሁን የእኛ ነው፣ አታስሩብን' ልል ነበር። መንገዱን ሁሉ ስናገረው ነው ያደርኩት።"

ልጓሙን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ።

"በእውነቱ ላይ ቆሜ ነበር የምለምነው። ወረቀቱ ሲነበብ እውነቱ የለበትም። ሐሰት ላይ ቆሜ ምን ብዬ ልለምን? አንቺን ተከትዬ ልዋሽ? 'የለኝም' ከማለት በቀር ሌላ አልነበረኝም። አንቺ እውነቱን ስትናገሪ ደግሞ የእኔ ተራ አልፎ ነበር።"

ቢለምኑ ይለቁት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ድምፄ አሁን ዝቅ ብሏል።

"አላውቅም" አሉ። "ግን እለምን ነበር።"

ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ሄዱ። የሰፈሩ ሰው ከድንኳኑ እያየኝ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቴን ስመታ፣ ስጮህ፣ ሰው ይዞ ሲያስተኛኝ ነበርና ለወንድሜ አልቅሼ የጨረስኩ መስሎኝ ነበር። አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ለወንድሜ ማልቀስ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።